ነባር የጫካ ቢላዎችን መሰብሰብ፦ ከመጀመሪያው ግዢ እስከ መዝገቡ

ቡሽክራፍት ከሚባለው የጫካ ሙያ ዕቃዎች ሁሉ ከእጅ የማይለየው ቢላ ነው። ካስማ ይቀረጽበታል፣ የእርጥብ እንጨት ቅርፊት ተልጦ ደረቁ ልብ ይወጣበታል፣ እሳት ቶሎ የሚይዝ ስስ ፍቅፋቂ ይፋቅበታል፣ ዓሣ ይከፈትበታል፣ ማንኪያ ይጠረብበታል። ይህ መመሪያ የማይታጠፉትን፣ በሰገባ የሚያዙትን ነባር የሥራ ቢላዎች መሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ለጌጥ ተሠርተው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉት አላነሣም። የሥራ ቢላ ውበቱ ከሥራው ይመጣል፤ በአውራ ጣት ተበልቶ የጎደጎደ እጀታ፣ በመሳል ብዛት የጠበበ ብረት፣ ጀርባው ላይ የቀረ ጭረት፣ ሁሉም ቢላው ምን ሲሠራ እንደኖረ ይናገራሉ። ሰብሳቢው ይህን ማንበብ መቻል አለበት፤ ከዚያም ሳያጠፋው ማቆየት።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ቃላቱንም አስቀድሜ ላስማማ። «ብረት» የምለው ከእጀታው ውጭ ያለውን ክፍል በሙሉ ነው። «ስለት» የሚቆርጠው ጠርዝ ብቻ ነው፤ «ጀርባ» ከስለቱ ትይዩ ያለው ወፍራሙ ጎን። «ተዳፋት» ከብረቱ ጎን ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚወርደው ገጽ ነው፤ «ጭራ» ደግሞ እጀታው ውስጥ የተደበቀው የብረቱ ቀጣይ።

1. አንድ ቢላ ገዝተው ይሥሩበት

ብዙ ጀማሪ ምንም ሳይቆርጥ አሥር ቢላ ይገዛል፤ ከዓመት በኋላ ስድስቱን ለምን እንደገዛ አያስታውስም። እርስዎ አንድ ብቻ ይግዙ። እኔ ለሁሉም ሰው የምመክረው ቀይ ቀለም የተቀባ የበርች እንጨት እጀታ ያለውን የስዊድን ሞራ ቢላ ነው። ብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ቀላል ነው፣ ቢበላሽ አያስለቅስም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኋላ የሚያገኟቸውን የሰሜን አውሮፓ ቢላዎች ሁሉ የሚመዝኑበት ሚዛን ይሆንዎታል።

ለአንድ ወር ያህል አራት ነገር ይሥሩበት። ጫፉ የሾለና ገመድ መያዣ ጎድጎድ ያለው ካስማ ይቅረጹ። ከደረቅ እንጨት ላይ ሳይለዩ የሚጠቀለሉ ስስ ፍቅፋቂዎችን ደጋግመው ያውጡ። ከለስላሳ እንጨት የማንኪያ ቅርጽ ይጥረቡ (ጎድጓዳውን ለማውጣት ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ይተዉት)። ቅርፊት ይላጡ። በየጊዜው ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ እጄን የትኛው ቦታ ላይ አመመኝ? ስለቱስ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ የያዘኝ ምንድን ነው? ይህን ያላየ ሰው የቆየ ቢላ እጅ ላይ ሲያስቀምጡለት የሚያየው ጌጡን ብቻ ነው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ተቀምጠው ሲቀርጹ በጭኖችዎ መካከል በፍጹም አይቁረጡ። የጭን ውስጠኛው ክፍል ትልቅ የደም ቧንቧ የሚያልፍበት ነው፤ እዚያ የሚደርስ ቁስል ርዳታ በሌለበት ጫካ ውስጥ ሰው ይገድላል። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው ከጉልበትዎ ወዲያ ይሥሩ፤ ወይም ወደ ጎን ዞረው ይቁረጡ። ክንድዎ ተዘርግቶ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው ካለ ቢላው ከሰገባው አይውጣ።

2. ብረቱን ማንበብ ይልመዱ

የማንኛውም ቢላ ባሕርይ በአብዛኛው ከተዳፋቱ ይመነጫል። ቢላውን ጫፉን ወደ ራስዎ፣ ስለቱን ወደ ታች አድርገው በመብራት ፊት ይያዙና የብረቱን ውፍረት ከጀርባው እስከ ስለቱ በዓይንዎ ይከተሉ።

በሰሜን አውሮፓ ነባር ቢላዎች ላይ የብረቱ ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ ይወርድና ከመሃል ወይም ከመሃል ዝቅ ብሎ አንድ ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ከዚያ መስመር ጀምሮ ተዳፋቱ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ስለቱ ላይ ያበቃል። «ስካንዲ» የሚባለው ይህ ነው። ሰፊው ተዳፋት እንጨቱ ላይ ተኝቶ እንደ መሮ ስለሚመራዎት ለመቅረጽ የሚተካከለው የለም። ሲስሉትም አንግል መገመት አያስፈልግም፤ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ ማስተኛት በቂ ነው። ድካሙ፣ ከስለቱ በላይ ቶሎ ስለሚወፍር ስስ ነገር ለመቆራረጥ ይከብዳል።

ተዳፋቱ ከጀርባው ጀምሮ ሲወርድ ብረቱ ስስና ለመክተፍ ምቹ ይሆናል፤ የአደን ቢላዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት እንደ መጥረቢያ ጎኑ በቀስታ ያበጠ ነው። ጠንካራ ምት ይችላል፤ ጀማሪ ሲስለው ግን ቅርጹን ቶሎ ያበላሸዋል። ጠፍጣፋና ያበጠውን ለመለየት የብረት ማስመሪያ ጠርዝ ተዳፋቱ ላይ ያቁሙና ከኋላው ብርሃን ይፈልጉ። ማስመሪያው መሃል ላይ ነክቶ ከላይና ከታች ብርሃን ካሳለፈ ያበጠ ነው። ይህ ሙከራ ቀጥ ያለ ተዳፋት የነበረው ቢላ በተሳሳተ አሳሳል መጠጋጋቱንም ስለሚያጋልጥ፣ ግዢ ስሄድ ትንሽ ማስመሪያ ከኪሴ አይጠፋም።

ቀጥሎ ጭራው። አንዳንዱ የእጀታውን ቅርጽ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄድና ሁለት የእንጨት ልጥፎች ግራና ቀኝ በሪቬት፣ ማለትም ሁለቱን ጎን አልፎ በሚቀጠቀጥ ምስማር፣ ይያዙበታል። ሌላው ቀጭን ሆኖ እጀታው ውስጥ ያልፍና ጫፉ ከታች በኩል ተቀጥቅጦ ይታሰራል። ብዙ ሰው ቀጭን ጭራን እንደ ጉድለት ያያል፤ በዚህ አልስማማም። ብርድ ባለበት አገር እጅ ባዶ ብረት ባይነካ ይመረጣል፤ ቢላውም ይቀላል፤ ሚዛኑም ወደ ስለቱ ይጠጋል። እንጨት ለመፍለጥ ጀርባውን በዱላ መምታት ካሰቡ ግን ሙሉ ጭራ ያለው ይሻላል። ጭራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ቢላ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለ ብረቱ ዓይነት ለጅማሮ የሚያስፈልገው ዕውቀት ጥቂት ነው። ካርቦን ስቲል ይዝጋል፣ ግን በቀላሉ ይሳላል፣ ከዕድሜ ጋርም ግራጫና ሰማያዊ ወዝ ያወጣል። 1095 የሚባለው ብረት ለምሳሌ 0.9 እስከ 1.03 በመቶ ካርቦን አለው። የማይዝገው ስቴንለስ ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፤ በሰሜን አውሮፓ ቢላዎች ላይ በብዛት የሚታየው 12ሲ27 ወደ 13.5 በመቶ ይይዛል። ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል ሲ መለኪያ ሲሆን ለጫካ ሥራ ከ56 እስከ 60 ያለው ይስማማል። ከዚያ በላይ ሲሆን የመሸረፍ፣ ከዚያ በታች ሲሆን የመታጠፍ ዝንባሌው ይጨምራል።

አንድ የተለየ ዓይነት አለ፤ ሲያገኙት ደስ ይበልዎት። በተዳፋቱ ላይ ከስለቱ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ውሃ ዳርቻ የሚዋዥቅ ስስ መስመር ካዩ ብረቱ ሦስት ንብርብር ነው፤ መሃል ጠንካራ ስቲል፣ ግራና ቀኝ ለስላሳ ብረት። ጥሩ ስቲል ብርቅ በነበረበት ዘመን አንጥረኞች ጥቂቷን ስቲል ለስለቱ ብቻ የሚያውሉበት ዘዴ ነበር። ለስላሳው ጎን ምቱን ይቀበላል፣ ጠንካራው መሃል ስለቱን ይይዛል።

3. የትውልድ ቦታቸውን ይወቁ

ሞራ በስዊድን ዳላርና ግዛት ያለ ቦታ ነው፤ ቢላ ሠሪዎቹ የተሰባሰቡት ኦስትኖር በሚባለው መንደር ነው። የፍሮስትስ ድርጅት በ1891 ሲቋቋም ዋና ሥራው የእንጨት መጎተቻ ሸርተቴ መሥራት ነበር፤ ቢላዎቹ ለዚያ ሥራ ያገለግሉ ነበር። በ1912 ኬ.ጄ. ኤሪክሶን እዚያው ተመሠረተ። ሁለቱ በ2005 ተዋሕደው ዛሬ ሞራክኒቭ የሚባለው ሆኑ። ለሰብሳቢ ይህ ታሪክ ጥቅም አለው፤ በጫካ ቢላ ብረት ላይ የኬ.ጄ. ኤሪክሶን ማኅተም ብቻውን ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከውሕደቱ በፊት የተሠራ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ ቢላው ፑኮ ይባላል። አጭር ነው፣ ጣት ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚከለክል መስቀለኛ ብረት የለውም፣ ሰገባው ደግሞ ከእጀታው ግማሽ በላይ ይውጠዋል። መከላከያ የሌለው ለምን እንደሆነ የሚገባዎት ሲቀርጹበት ነው። ኃይል የሚገኘው ከእጀታው አፍ አጠገብ ባለው ስለት ስለሆነ እጅ እዚያ ድረስ መጠጋት አለበት፤ መስቀለኛ ብረት ቢኖር ያደናቅፋል። የበርች ቅርፊት ንጣፎችን ደራርቦ የተሠራ እጀታ ሲያገኙ በእርጥብ እጅ ይያዙት። አያንሸራትትም፣ በብርድም አይቀዘቅዝም።

ፑኮ እንደየአካባቢው ይለያያል። ካውሃቫ የፈረስ ራስ ቅርጽ ባለው የናስ እጀታ ጫፍ ይታወቃል፤ የኢሳኪ ያርቬንፓ ድርጅት ከ1879 ጀምሮ የሠራው እዚያ ነው። ቶሚ ፑኮ የሚባለው ከካይኑ አካባቢ ሲሆን ስሙን ያገኘው ወደ ፊንላንድ ከመጣው እንግሊዛዊ አንጥረኛ ከቶማስ ዉድዋርድ ነው። በሰሜን፣ በሮቫኒየሚ፣ ያንኔ ማርቲኒ የተባለ ቢላ ሠሪ በ1928 ድርጅቱን መሠረተ። ከዚያም ወደ ሰሜን የሳሚ ሕዝብ ትልቁ ቢላ ሌኡኩ አለ። ብረቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ ቅርንጫፍ መቁረጥና አጥንት መስበር ይችላል፤ ባለቤቱ ለረቂቁ ሥራ ትንሽ ቢላ አብሮ ይይዛል። ሁለቱ አብረው ያረጁ ጥንድ ካገኙ በምንም ምክንያት አይለያዩአቸው።

ኖርዌይ ውስጥ ጌይሎ ላይ ብሩስሌቶ በ1896፣ ሆልሜዳል ላይ ሄሌ በ1932 ተመሥርተዋል። ሄሌ ከላይ በገለጽኩት ሦስት ንብርብር ብረት የታወቀ ነው፤ ዋዥቃ መስመርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት የሄሌ ቢላ ጥሩ መማሪያ ነው።

የሰሜን አሜሪካው ወግ ሌላ መንገድ ይዟል። በ1830ዎቹ ጆን ራስል በማሳቹሴትስ ግሪንፊልድ የጀመረው ሥራ ግሪን ሪቨር የሚል ማኅተም ያለባቸውን፣ ስስና ያለ ጌጥ የተሠሩ ቢላዎች ሰጠን። የጫካ ጉዞ ጸሐፊው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ፣ በብዕር ስሙ ኔስሙክ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከትንሽ መጥረቢያና ከታጣፊ ሰንጢ ጋር የሚይዘው ጀርባው ወደ ጫፉ ጎበጥ ያለ ስስ ቢላ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሌላው የጫካ ኑሮ ጸሐፊ ሆራስ ኬፋርት ደግሞ ጫፉ እንደ ጦር የሆነ፣ ብረቱ 11 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቢላ ትቶልናል። ሁለቱም ቢላዎች ስስ ናቸው። ዛሬ የጫካ ቢላ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ብረት ወግ የመሰለው ሰው እነዚህን አንድ ጊዜ በእጁ ቢይዝ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ፒክቱ ከተማ፣ ግሮማን የተባለው ድርጅት የሚሠራው ራስል የሚባለው ቢላ (ከላይ ካለው ጆን ራስል ጋር አይምታታ) የቅጠል ቅርጽ ያለው ብረቱ ከሩቅ ይለያል። በብሪታንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቢላ ሠሪው አለን ዉድ የሠራው ዉድሎር የተባለ ቢላ የሰሜን አውሮፓን ተዳፋት ከሙሉ ጭራ ጋር አጣመረ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ የጫካ ቢላዎች የእሱ ልጆች ናቸው።

የኔፓል ኩኩሪ፣ የማሌይ ደሴቶች ፓራንግ፣ የጃፓን ናታ ራሳቸውን የቻሉ ሰፊ ዓለሞች ስለሆኑ እዚህ አልገባባቸውም። ኩኩሪ የሚገዛ ሰው ግን ሰገባው ላይ ካርዳ የምትባለው ትንሿ ቢላና ቻክማክ የሚባለው መሳያ መኖራቸውን ይመልከት፤ ከሌሉ ዕቃው ጎዶሎ ነው።

4. አንድ መስመር ይያዙ

ሁሉንም የሚሰበስብ ሰው ምንም አይማርም። በአንድ ቦታ (ካውሃቫ)፣ በአንድ ሠሪ፣ በአንድ የእጀታ ዓይነት ወይም በአንድ ዘመን ይወሰኑ። አሥር ተመሳሳይ የሚመስሉ ፑኮዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ተዳፋት ከሌላው በሁለት ሚሊ ሜትር መብለጡ ይታይዎታል፤ ዓይን የሚሠለጥነው በዚህ ነው።

5. ከመግዛትዎ በፊት ይመርምሩ

አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ ማስመሪያና ጠንካራ ባትሪ ይያዙ። ቢላውን ከመንካትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ስለቱን ከመፈተን ይቆጠቡ፤ ብረቱን በጣትዎ ከነኩት ሳይጠርጉ አይመልሱ። የጣት ላብ ጨው አለው፤ ካርቦን ስቲል ላይ አሻራዎ በቀናት ውስጥ ዝገት ሆኖ ይወጣል።

መጀመሪያ ሰገባውን ይዩ። የቆየ ቆዳ የቢላውን ቅርጽ ይይዛል፤ የብረቱ ጫፍ የት እንደሚደርስ፣ እጀታው የት እንደሚወፍር ታትሞ ይቀራል። ሰገባው የ11 ሴንቲ ሜትር ቅርጽ ይዞ ብረቱ 9 ከሆነ ወይ ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ተሞርዷል፣ ወይ ሁለቱ አብረው አልተወለዱም። ተሰብሮ የተሞረደ ጫፍ ሌላም ምልክት አለው፦ ጀርባው ወደ ጫፉ ሲጠጋ እየሳሳ መሄድ ሲገባው ወፍራም እንደሆነ በድንገት ያበቃል።

ከዚያ ማኅተሙን ያንብቡ። በሞተር የሚሽከረከር ማለስለሻ ያለፈበት ብረት የማኅተሙ ፊደላት ጠርዝ የቀለጠ ይመስላል፤ የማዕዘኖቹም ጥራት ይጠፋል። በአሮጌ ቢላ ላይ ጥልቅ የዝገት ጉድጓዶችን አቋርጦ የሚሄድ አዲስና ስል ማኅተም ካዩ ማኅተሙ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነውና ይተዉት። ዘመን ለመገመት የሚረዱ የታወቁ ወሰኖች አሉ። በአሜሪካ በ1890 በወጣው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የሚገቡ ዕቃዎች የመጡበትን አገር ስም መያዝ ነበረባቸው፤ ስለዚህ ለዚያ ገበያ በተሠሩ ቢላዎች ላይ የአገር ስም መኖሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ መሠራታቸውን ያሳያል። ለቢላ የሚሆን ስቴንለስ በእንግሊዟ ሸፊልድ ከተማ የታወቀው በ1913 ነው፤ «የ1900 ስቴንለስ» የሚል ሻጭ ተሳስቷል። ባለ መስቀል ራስ ብሎን የ1930ዎቹ ፈጠራ ነው። ኢፖክሲ ማጣበቂያ ገበያ ላይ የዋለው ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው፤ ብዙዎቹ የኢፖክሲ ዓይነቶች በአልትራቫዮሌት ባትሪ ስር ስለሚያበሩ በአሮጌ እጀታ ስንጥቅ ውስጥ የገባ አዲስ ጥገና በጨለማ ይታያል። ጥገናው በራሱ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ።

በአሲድ የቆየ ለማስመሰል የተሠራ ብረት ጥቁረቱ ወጥ ነው። እውነተኛ የዕድሜ ወዝ ወጥ አይሆንም። ስለቱ አጠገብ በመሳል ይነጣል፣ ጀርባው ላይ ጣት ባረፈበት ይለሰልሳል፣ እጀታው አፍ ጥግ ላይ ይጠቁራል። እጀታውንም እንደዚሁ ያንብቡ። የቀኝ እጅ ተጠቃሚና የግራ እጅ ተጠቃሚ የሚያጠፉት ቦታ የተለያየ ነው፤ በአራቱም ጎን እኩል የተበላ እጀታ አጠራጣሪ ነው።

ዝሆን ጥርስ ያለበትን ቢላ ያለ ሕጋዊ ሰነድ አይግዙ። አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት በ1975 ሥራ ላይ ውሏል፤ ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እገዳ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ጸንቷል። ሬንዲር የሚባለው አጋዘን ቀንድ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና የሚያድግ ስለሆነ በብዙ የሳሚ ቢላዎች ላይ የሚያገኙት እሱን ነው። የማይታጠፍ ቢላ በአደባባይ መያዝን ብዙ አገሮች ያለ በቂ ምክንያት ስለሚከለክሉ፣ የገዙትን ጠቅልለው በቦርሳ ውስጥ ይውሰዱ፤ የሚኖሩበትን አገር ሕግ አስቀድመው ያንብቡ።

6. ጥቂት ብቻ ያጽዱ

ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ፑኮ ገዝቼ ደስታዬን መቋቋም አቅቶኝ በዚያው ምሽት በብርጭቆ ወረቀት አበራሁት። ሲያልቅ እንደ አዲስ ያብለጨልጭ ነበር። በማግሥቱ ለአንድ ልምድ ላለው ሰብሳቢ ሳሳየው ዝም ብሎ አገላበጠውና «ማኅተሙ የት አለ?» አለኝ። ቀድሞም ስስ የነበረውን ማኅተም እኔ ነበርኩ ያጠፋሁት። ቢላው አሁንም አለኝ፤ ማን እንደሠራው ግን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ስለዚህ ይህን ክፍል በዝግታ ያንብቡልኝ።

መለየት ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። ቀይና የሚበናው ዝገት እርጥበት እየያዘ ወደ ውስጥ መብላቱን ስለሚቀጥል መቆም አለበት። ጥቁርና ግራጫው፣ ብረቱ ላይ የጸናው ወዝ ግን ብረቱን በከፊል ይከላከላል፤ ታሪኩም እሱ ነው፤ አይነካም። ቀዩን ለማንሣት የማሽን ዘይት ጠብ አድርገው አንድ ቀን ያቆዩት። ከዚያ ከብረቱ በሚለሰልስ ነገር፣ ለምሳሌ በናስ ቁራጭ ጠርዝ ወይም በተሳለ የቀርከሃ ስንጥር፣ ዝገቱን ብቻ ይፋቁ። ካልለቀቀ ዘይቱን ጨምረው አንድ ቀን ይድገሙ። የመጨረሻው አማራጭ በጣም ቀጭኑ፣ ባለ አራት ዜሮው ስቲል ዉል (እንደ ሱፍ የተነደፈ የብረት ክር) በዘይት ነው፤ እሱንም ማኅተሙ አጠገብ አያድርሱት። አሲድ፣ ኮምጣጤና በሞተር የሚሽከረከር ማለስለሻ ከዚህ ጠረጴዛ ይራቁ።

የእንጨት እጀታን በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። ከደረቀ በኋላ የተልባ ዘይት በጣም ስስ አድርገው ይቀቡና ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀረውን ይወልውሉ። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ በራሱ ሊቀጣጠልና ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ያስወግዱት።

ናስ ከቆዳ በሚገናኝበት ቦታ አረንጓዴ፣ እንደ ሰም ያለ ነገር ይወጣል። የቆዳው ቅባት በናሱ ውስጥ ካለው መዳብ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ያንሡትና በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ቆዳውን በዘይት አያጥግቡት፤ ሰገባው ይላላና ቢላውን መያዝ ያቆማል።

7. የሚሠሩበትን ብቻ ይሳሉ

እያንዳንዱ መሳል ብረት ይቀንሳል። በእጅዎ ካሉት መካከል ለሥራ የሚያወጧቸውን ይምረጡና እነሱን ብቻ ይሳሉ፤ የቀሩት ዶልዱመው ቢቀመጡ ምንም አይጎድልባቸውም።

ለስካንዲ ተዳፋት ሁለት የውሃ ድንጋይ ይበቃል፤ አንድ የ1000፣ አንድ ከ3000 እስከ 6000 (ቁጥሩ ሲበዛ ድንጋዩ ይልማል)። ተዳፋቱን በሙሉ በማርከር ያጥቁሩት። ድንጋዩን አርጥበው ተዳፋቱን ያስተኙ፣ ከስለቱ በላይ ባለው ገጽ ላይ በጣት ጫፍ እየተጫኑ ሦስት አራት ጊዜ ይግፉና ያንሡ። ማርከሩ የጠፋበት ቦታ ድንጋዩ የነካው ነው። ከስለቱ ርቆ ከላይ ብቻ ከጠፋ ገና አልደረሱም፤ እጅዎን ከፍ በማድረግ አያታልሉ፣ ይቀጥሉ። ከስለቱ ማዶ በጣትዎ ሲነኩት የሚከረክር ስስ የብረት ቅርፊት ከእጀታው እስከ ጫፉ ሲሰማዎት ወደ ሌላው ጎን ይዙሩ። በሁለተኛው ድንጋይ ይድገሙት፤ ጫናዎን እየቀነሱ ይጨርሱ። በመጨረሻ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተለጠፈ ቆዳ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ በየጎኑ አሥር ጊዜ ያህል ያለስልሱት። ቆዳው ላይ በወደፊት አቅጣጫ ከገፉ ይቆርጡታል።

ስለቱ ከተሸረፈ ሽርፉን ለማጥፋት አይቸኩሉ። ትንሽ ሽርፍ በጥቂት ወራት መደበኛ መሳል ይጠፋል።

8. ከሰገባው አውጥተው ያስቀምጡ

ሰዎችን የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ሰገባ ለመያዣ እንጂ ለማኖሪያ አልተሠራም። ቆዳ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ከአለፋፉ የቀረ አሲድና ጨውም አለው፤ ብረቱ ለወራት እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ማንም በማያየው ቦታ ይበላል። ቢላውንና ሰገባውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፣ በተመሳሳይ ቁጥር ምልክት ያድርጉባቸው።

ብረቱን ስስ የማሽን ዘይት ወይም ማይክሮክሪስታላይን ሰም ይቀቡ። ሬኔሳንስ የሚባለው ሰም በ1950ዎቹ ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃዎች ጥበቃ የተዘጋጀ ነው፤ ጣት ቢነካውም አሻራ ስለማያስቀር እኔ ከዘይት አስበልጠዋለሁ። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ለብረቱም ለእንጨቱም ይስማማል፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በከረጢት ማስቀመጥ ይረዳል። መሳቢያው የኦክ እንጨት ከሆነ ይተዉት፤ ኦክ የአሴቲክ አሲድ ትነት ያወጣል።

ሴሉሎይድ ከሚባለው የቀድሞ ፕላስቲክ የተሠራ እጀታ ያላቸውን ለብቻቸው፣ አየር በሚያገኙበት ያኑሩ። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ናይትሪክ አሲድ እየተነፈሰ የራሱንና የጎረቤቱን ብረት ያዝጋል፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። እጀታውን ሲያሹት ካምፎር የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ያንዱ ቢላ ብረት ብቻ ያለ ምክንያት ከዛገ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እሱን ነው። በየሦስት ወሩ አንዴ ሁሉንም አውጥተው ይዩ።

9. ይመዝግቡ

ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቢላ ቁጥር ይስጡና የብረቱን ርዝመት፣ ጀርባው እጀታው አጠገብ ያለውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱን፣ የተዳፋቱን ዓይነት፣ የጭራውን ዓይነት፣ ማኅተሙን እንዳዩት ይጻፉ፤ የማኅተሙን ቅርጽ በእጅዎ ደብተሩ ላይ ይሳሉት። በጎን በሚመጣ ብርሃን ሁለቱንም ጎን፣ ጀርባውንና ሰገባውን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሡ። ቁጥሩን በወረቀት መለያ ጽፈው በጥጥ ክር እጀታው ላይ አስረው ያንጠልጥሉት፤ ማጣበቂያ ቴፕ እንጨቱ ላይ አይለጥፉ።

ከልኬቱ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው የባለቤቱ ቃል ነው። የሚሸጥልዎትን ሰው «ማን ነበር የሚይዘው? ምን ይሠራበት ነበር?» ብለው ይጠይቁ፣ የነገረዎትንም በራሱ አነጋገር ይጻፉ። ያረጋገጡትንና የሰሙትን ለየብቻ መስመር ያድርጉ። ያደረጉትን ጥገናና ጽዳትም ከነቀኑ ያስፍሩ፤ ምን ዘይት፣ ምን ሰም፣ የትኛው ክፍል ላይ። ቢላውን አንድ ቀን ለሌላ ሰው ሲያስተላልፉ ጫፉን የቡሽ ክዳን ላይ ሰክተው፣ ብረቱን በሰም በተቀባ ወረቀት፣ ሰገባውን ለብቻው ጠቅልለው፣ የደብተሩን ገጽ ግልባጭ ከውስጡ ያኑሩ።